ሳይነበብ የተባለ እሺ

እማማ አዋላጅ በዚያ ጠዋት ከቤታቸው የወጡት ጉልበት ያለው ሰው ፍለጋ ነበር። ሹራባቸውን ገልብጠው ለብሰዋል። መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ተሰቅሎ ሳለ «መነጽሬን የት አባቴ ጣልኩት?» እያሉ ያጉረመርማሉ። በጠባቡ ደረጃ ላይ፣ ዳቦ ገዝቶ ወደ ላይኛው ፎቅ ከሚወጣው ወጣት መምህር ጋር ግንባር ለግንባር ሊጋጩ ምንም አልቀራቸውም።

«ፈጣሪ ይመስገን፣ አንተን ላከልኝ!» ብለው ክንዱን ጨመደዱት። «ና፣ ቁም ሳጥን ግፋልኝ።»

«እንደምን አደሩ፣ እማማ? ቁም ሳጥኑ ምን አደረገዎት?»

«እሱ ምን ያደርገኛል! ከጀርባው ያለውን ሶኬት ልነቅል ነው። ኮምፒውተሩ ድንገት አብዷል፤ ነቅዬ ካልሰካሁት ልብ አይገዛም። ቶሎ በል እንጂ፣ ምን ይገትርሃል?»

እማማ አዋላጅ የሚለውን ስም ያወጣላቸው የሕንጻው ሰው ነው። ዕድሜያቸውን በማዋለጃ ክፍል ፈጅተው፣ ጡረታ ሲወጡ ደግሞ «ያወቅሁትን ይዤ አልቀበርም» ብለው ለጀማሪ አዋላጆች የሚሆን መማሪያ መጽሐፍ መጻፍ ያዙ። ልጃቸው ሥራ አግኝቶ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ አሮጌ ኮምፒውተሩን ትቶላቸው፣ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ ሁሉ አማርኛ አድርጎላቸው ነበር። መጽሐፉ አልቋል። የመጨረሻው ምዕራፍ፣ ከወሊድ በኋላ ስለሚፈስ ደም የሚያስረዳው፣ በዚሁ ሳምንት ተጻፈ። ብዙ እናቶችን የሚቀጥፈው ይኸው ደም መፍሰስ ስለሆነ፣ እማማ ከሌላው ምዕራፍ ሁሉ አብልጠው የተጨነቁበት ነው።

«ምን ቢያደርግ ነው አበደ የሚሉት?» አለ መምህሩ፣ ዳቦውን በብብቱ እንደያዘ።

«ምዕራፌን ዋጠው! ትናንት መጽሐፉን ለሚያሳትመው ለአዋላጆች ማሠልጠኛው ላክሁላቸው። ዛሬ ደውለው ‹የመጨረሻው ምዕራፍ የለም› አሉኝ። እኔ ደግሞ ዐይኔ እያየ ስክሪኑ ላይ ተገትሯል! ደግሜ ላክሁ፤ አሁንም የለም አሉ። ከምሳ በፊት ካልደረሰ ያለ እሱ ሊያትሙት ነው።»

«ኮምፒውተሩስ ምንም አላለዎትም? መልእክት ነገር አልወጣም?»

«ወጣ እንጂ። ሳምንቱን ሙሉ ሲወጣብኝ ነው የከረመው።»

«ምን ይላል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! እሺ አልኩት፣ ሄደ።»

ዳቦው ከመምህሩ ብብት ሊሾልክ ነበር። «ሳያነቡት?»

«ታዲያስ! እናቴ ‹እሺ ይበልጣል ከሺ› እያለች ነው ያሳደገችኝ። እሺ ያልከው ነገር ያልፋል። ከማሽን ጋር ውሃ ቀጠነ እያልኩ ስከራከር ልዋል?»

እማማ ይህን ሲሉ እየቀለዱ አልነበረም። ለቧንቧ ሠራተኛው እሺ ይላሉ፣ ለጎረቤት እሺ ይላሉ፣ በስልክ ለሚደውል የማያውቁት ሰው እሺ ይላሉ። በእሳቸው ቤት እሺ የጨዋ ልጅ ምልክት ነው፤ የሚቀጥለው ነገር ምንም ይሁን ምን። ልጃቸው በአማርኛ ባደረገላቸው ስክሪን ላይ «እሺ» የሚለውን ቃል በሰማያዊ ሳጥን ውስጥ ሲያገኙት እንደ ዘመድ ነው ደስ ያላቸው። ከላዩ ያለውን ጽሑፍ ግን አንድም ቀን አላዩትም።

ክፍላቸው ጠባብ ነው። ጠረጴዛው በመስኮቱ ሥር፣ ኮምፒውተሩ ከነአቧራው በላዩ፣ ግድግዳውን የሸፈነው ቁም ሳጥን ደግሞ በጎኑ። እማማ ገና ከመግባታቸው ጀርባቸውን ለቁም ሳጥኑ ሰጥተው እግራቸውን አጠነከሩ።

«በል፣ አንተ በዚያ በኩል። አንድ፣ ሁለት...»

መምህሩ ዳቦውን ወንበር ላይ አስቀመጠ እንጂ አልተነቃነቀም።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቁም ሳጥኑን አልገፋም።»

«ምን አልክ?»

«ሶኬቱን መንቀል የለብንም። ቢያንስ አሁን።»

«ለአዛውንት እምቢ ይባላል?» አሉ ቀና ብለው። ደማቸው ፈልቷል። «መምህር ነው ይሉኛል ደግሞ! ሰው ቸግሮት ሲለምንህ፣ ያውም ሰዓቱ እየሮጠ!»

«ስለማከብርዎት ነው እምቢ ያልኩት። ያ ምዕራፍ ከተነቀለው ሶኬት ጋር አብሮ ቢነቀልስ?»

«ነቅሎ መሰካት ስንት ጊዜ አድኖኛል! ቴሌቪዥኑን አድኗል፣ ማቀዝቀዣውን አድኗል።»

«እውነትዎን ነው፣ ጥሩ መድኃኒት ነው። ግን መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት በሽታው ይጠየቃል። እርስዎ ይንገሩኝ እስቲ፤ አንዲት ሴት እየጮኸች ወደ ማዋለጃ ክፍል ስትገባ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?»

«አሁን የዚህ ጊዜ ነው? እጠይቃታለሁ! ምጡ መቼ ጀመረሽ እላለሁ፤ የሽርት ውሃ ፈሷል ወይ፣ ስንተኛ ልጅሽ ነው፣ ከዚህ በፊት እንዴት ወለድሽ እላለሁ።»

«ሳይጠይቁ መቀስ ቢያነሱስ?»

«እሱማ አዋላጅ አይደለም፣ ሥጋ ሻጭ ነው!» ካሉ በኋላ ወዴት እየተነዱ እንደሆነ ገባቸው፤ ጣታቸውንም ወደ መምህሩ ቀሰሩ። «አውቄብሃለሁ። ሰውና ቆርቆሮ ግን አንድ አይደለም። ሰው ያመመውን ይናገራል።»

«ይሄም ተናግሯል እኮ። እርስዎ እሺ አሉት እንጂ።»

ስልኩ ጮኸ። እማማ ዘለው አነሱት። ከማሠልጠኛው ነው፤ ማተሚያ ቤቱ እየጠበቀ ነው፣ ምን እንበላቸው ይላሉ። «እሺ፣ እሺ፣ እሺ ልጄ» ብለው ዘጉና፣ ምን እሺ እንዳሉ ራሳቸውም ሳያውቁ ክፍሏን መዞር ጀመሩ። ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ። ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል፤ አምፖሉ ደግሞ ጠዋት እንደ ልማዱ ደብዘዝ ቦግ ይላል።

«በቀን ስንት ነገር እንደሚለኝ ታውቃለህ?» አሉ እየዞሩ። «አድሱኝ ይላል። ግዙኝ ይላል። ያላሸነፍሁትን ሽልማት እንኳን ደስ ያለዎት ይለኛል! ለዚህ ቀባጣሪ ሁሉ መልስ ስሰጥ መቼ ልጻፍ?»

ይህ ክርክር የዋዛ አልነበረም፤ መምህሩም አላጣጣለውም። «ልክ ነዎት፣ ብዙው ወሬ ነው። ወሬውን ከለቅሶው የሚለየው ግን ማንበብ ብቻ ነው። ሳይነበብ እሺ የተባለ ነገር፣ ወሬውም ለቅሶውም እኩል አለፈ ማለት ነው። ሰው እሺ ሲባል ደስ ይለዋል፤ ማሽን አይደሰትም። የተፈቀደለትን ያደርጋል እንጂ።» እያለ እጁን ወደ ማውሱ ሰደደ።

እማማ እጁን ቸብ አደረጉት።

«አንተስ ምን ሳታስፈቅድ እጅህን ትሰዳለህ? ገና ሳትጠይቅ ልትነካካ! እኔ ዘንድ የሠለጠነች ልጅ ይህን ብታደርግ ከክፍሉ ነበር የማስወጣት።»

የመምህሩ ጆሮ ቀላ። እውነታቸውን ነበርና። ስለ መጠየቅ ሲሰብክ ቆይቶ፣ እሱም እንደ ሌላው የተማረ ሰው ሁሉ እጁ ከአፉ ቀድሟል። «አጠፋሁ» አለና ሌላ ወንበር ስቦ በጎን ተቀመጠ። «እርስዎ ይያዙት። እኔ እጠይቃለሁ፣ እርስዎ ይመልሱልኝ። መልእክቱ መውጣት የጀመረው መቼ ነው?»

«የመጨረሻውን ምዕራፍ ስጀምር።»

«ምን ሲያደርጉ ነው የሚወጣው?»

እማማ አሰቡ። ከጠዋት ጀምሮ ቆመው ያሰቡት ገና አሁን ነው። «አስቀምጥ የሚለውን ስጫን።»

«ኮምፒውተሩን በዚህ ሳምንት አጥፍተውት ያውቃሉ?»

«ስክሪኑን እንጂ እሱን አላጠፋውም፤ ለመነሳት ሲያቃስት ያሳዝነኛል።»

መምህሩ በረጅሙ ተነፈሰ። «ያዘኑለት ጥሩ አደረጉ። በሉ አሁን አስቀምጥ የሚለውን ይጫኑና ሲወጣ ምንም አይንኩ።»

ተጫኑ። ሳጥኗ ብቅ አለች። የእማማ ጣት ግን ለምዷልና ወደ «እሺ» እየበረረ ነበር። «ይቆዩ!» ብሎ ጮኸ መምህሩ። ጣታቸው አየር ላይ ቀረ። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ፤ ጠዋት ሙሉ ሲፈልጉት የነበረው እሱ መሆኑንም ልብ ሳይሉ ጮክ ብለው አነበቡ።

«‹ሰነዱን ማስቀመጥ አልተቻለም። ዲስኩ ሞልቷል።›» ደግመው አነበቡት። «ሞልቷል ማለት?»

«ቦታ የለም ማለት ነው፣ እማማ። በዚህ ሳምንት የጻፉት የትም አልተቀመጠም፤ ያለው እዚህ ስክሪን ላይ ብቻ ነው። ለማሠልጠኛው የሄደላቸው ምዕራፉ ከመጻፉ በፊት የነበረው ቅጂ ነው። ሶኬቱን ነቅለን ቢሆን ኖሮ...»

አልጨረሰውም። እማማ አዋላጅ ወንበሩን ሳያዩ ዳቦው ላይ ተቀመጡ። ብዙ አስደንጋጭ ሌሊት ያዩ ሴት ናቸው፤ እንዲህ የደነገጡበትን ግን አያስታውሱም። በቅድሙ ቁጣ ቁም ሳጥኑን ብቻቸውን ለመግፋት ቢሞክሩስ ኖሮ? አምፖሉ እንደገና ደበዘዘ። ሁለቱም ወደ ስክሪኑ ዞሩ። ቦግ አለ፤ ስክሪኑም አልጠፋም።

«ድንገት እኮ ነው» አሉ በደከመ ድምፅ። «ድንገት ነው የተበላሸው።»

መምህሩ ወደ ስክሪኑ ዘንበል አለ። «ይፍቀዱልኝ፣ እርስዎ እዚህ የጻፉትን ላንብብልዎት። ‹ድንገት ደም ፈሰሳት የሚል አዋላጅ አትመኑ። ደሙ ከመብዛቱ በፊት ልቧ ሮጧል፣ ፊቷ ገርጥቷል። ያላየ ዐይን ነበረ እንጂ ምልክት አልጠፋም።›»

እማማ ጽሑፋቸውን አወቁት። በሌላ ሰው ምክር ቢሆን ገና ይከራከሩ ነበር፤ ሰው ግን ከገዛ ብዕሩ ጋር እንዴት ይሟገታል? ሳምንቱን ሙሉ ያን ምዕራፍ ሲጽፉ፣ በያንዳንዱ ገጽ መጨረሻ ማሽኑ ሲያስጠነቅቃቸው፣ እሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ብለዋል። አፈሩ፤ ማፈራቸውንም አልደበቁም።

«ውሃን ከጥሩ ነገርን ከሥሩ ማለት ይሄ ነው» አሉ። «እናቴ ይሄንንም ብላኝ ነበር። እኔ የመረጥሁት የሚቀለውን ነው። በል፣ አሁን ምን ይሻላል?»

«መጀመሪያ ነፍስ ማዳን ነው። ሌላው ሁሉ ይቆያል። ከላይ ቤት ፍላሽ አለኝ፤ ምዕራፉን እሱ ላይ እናስቀምጠዋለን። መጣሁ፤ ምንም እንዳይነኩ!»

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ሲወጣ ይሰማቸዋል። እማማ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው፣ ምጥ የያዛትን ሴት እንደሚጠብቁ ስክሪኑን ይጠብቁ ጀመር። ስልኩ ጮኸ፤ አላነሱትም። እንደገና ጮኸ። በዚህ መሃል አዲስ ሳጥን ብቅ አለ፤ ከስሩም ያው የሚያውቁት ሰማያዊ «እሺ»።

እጃቸው ማውሱን ያዘ። ስልኩ እየጮኸ፣ ልባቸው እየሮጠ፣ ይሄ ነገር ከዐይናቸው ቢሄድላቸው እንዴት ደስ ባላቸው! አንድ ጣት መጫን ነው፣ በቃ። ጣታቸውን አነሱ። መነጽራቸውን አስተካክለው ከላይ ጀምሮ፣ ቃል በቃል፣ በጣታቸው እየጠቆሙ አነበቡ። «ኮምፒውተሩ ቦታ አንሶታል። ቦታ ለማስለቀቅ የጽሑፍ ፕሮግራሙ ይዘጋል። ያልተቀመጠ ሥራ ይጠፋል። ይዘጋ?» ከስሩ «እሺ» ይላል፤ ከጎኑ፣ በደብዛዛ ሳጥን ውስጥ፣ «ይቅር» ይላል። ለካ ሁልጊዜም ከጎኑ ሌላ ቃል ነበረ!

«ይቅር» አሉ ጮክ ብለው፤ ተጫኑትም። ሳጥኑ ሄደ። ምዕራፉ ባለበት ቆሟል።

መምህሩ እያለከለከ ሲገባ እማማ እንባቸውን በሹራባቸው እጅጌ ሲጠርጉ አገኛቸው። ደንግጦ «ጠፋ?» አለ።

«ሊገለኝ ነበር፤ ቀድሜ አነበብሁበት» አሉና የሆነውን ነገሩት። መምህሩ በእጁ የያዘውን ፍላሽ አየ። ባያነቡት ኖሮ እሱ ፍላሹን ይዞ የሚደርሰው ለቀብር ነበር።

ፍላሹን ሰኩ። የት ይቀመጥ ሲላቸው እማማ አንብበው ፍላሹን መረጡ። መምህሩ «ተቀመጠ» ብሎ ሊነሳ ሲል «ቆይ እንጂ፣ ሕፃን ተወለደ ብለህ ሳታየው ትሄዳለህ?» ብለው ከፍላሹ ላይ ራሱን ፋይሉን አስከፈቱትና የመጨረሻውን ገጽ እስከ ታች አዩ። አለ። ከዚያ ላኩት። አሁንም አላመኑም፤ ማሠልጠኛው ዘንድ ደውለው የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር በስልክ አስነበቡ። ወንበር ላይ የተጨፈለቀውን ዳቦ ያስታወሱት ከዚህ በኋላ ነው፤ ተካፍለው በሉት።

«በሽታውን ግን ገና አልነካነውም» አለ መምህሩ እያላመጠ። «ምን ሞላው? ይሄን ሁሉ ቦታ መጽሐፍ አይወስድም።»

ፈለጉ። አንዱን ማኅደር ከፈቱ፤ አበባ። ገጽ ገለጡ፤ ሌላ አበባ፣ ርግብ፣ የምትወጣ ፀሐይ፣ የሚጨፍር ሕፃን፣ በላያቸውም «መልካም ቀን ይሁንልሽ»። የእማማ ታናሽ እህት በየጠዋቱ በስልክ የምትልከው ሰላምታ ነው። ልጃቸው የስልካቸው ሥዕልና ቪዲዮ ሁሉ ወደ ኮምፒውተሩ እንዲገለበጥ አድርጎት ሄዶ ነበርና፣ ምርቃቱ ተከምሮ ተከምሮ ማሽኑን አንቆታል።

«ይደምሰስ?» አለ መምህሩ።

«ምን በወጣኝ! የተመረቅሁትን ልደምስስ? ነውር አይደለም?»

«ምርቃቱ እኮ ደርሶዎታል። ይሄ ፖስታው ነው።»

እማማ ሳቁ፤ በዚያ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ። ጥቂቱን ከነድምፁ መርጠው በፍላሹ አስቀሩ፤ ሌላውን እያነበቡ፣ እየሳቁ ደመሰሱ። ማሽኑን ከዚያ በኋላ በወጉ አጥፍተው አስነሱት። መምህሩ በዚህ መሃል ሌሎች ነገሮችንም ሊነካካ ቃጥቶት ነበር። እማማ ግን «አንድ አንዱን! ሁለት መድኃኒት በአንድ ጊዜ ከሰጠህ የትኛው እንዳዳናት በምን ታውቃለህ?» ብለው ከለከሉት። አስቀምጥ ሲሉት ያለ አንዳች ሳጥን ተቀመጠ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የእማማ ቤት ተለወጠ። መልእክት ሲወጣ ያነባሉ፤ ካልገባቸው በስልካቸው ፎቶ አንስተው ለመምህሩ ያሳዩታል። ሶኬት ከመንቀል በፊት ምን ተከፍቶ እንደነበረ፣ ከትናንት ወዲህ ምን እንደተለወጠ ራሳቸውን ይጠይቃሉ። የጻፉትን ሁሉ ሌላ ቦታም ያስቀምጣሉ። ትርፉ ብዙ ነው። ጠጋኝ ቤት ወስደው በማሽኑ ውስጥ ያለውን ሁሉ ማስደምሰስ፣ ከዚያም ጋር ልፋታቸውን ማጣት ቀረላቸው። በድንጋጤ ይባክን የነበረው ጠዋት ለሥራ ተረፈ። ለቧንቧ ሠራተኛውም ቢሆን ዛሬ «እሺ» ከማለታቸው በፊት «የትኛውን ቧንቧ?» ይሉታል። አንዳንድ ጎረቤት «ጠያቂ ሆኑብን» ብሎ ማማቱ አልቀረም። ይማ! በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ያልጠየቀውም እንደዚያው ነው።

መጽሐፉ ለማተሚያ ተሰናድቶ ሲያበቃ የማተሚያ ቤቱ ሰው የመጨረሻውን ረቂቅ ይዞ መጣ። ቸኩሏል፤ በሩ ላይ እንደቆመ እስክሪብቶ ዘረጋላቸው።

«እሺ ይበሉና እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ፣ እማማ። ሠራተኛው ሁሉ እርስዎን ነው የሚጠብቀው።»

«ግባና ተቀመጥ» አሉት።

«ኧረ እንደ ጻፉት ነው! ምንም አልተነካም።»

እማማ መነጽራቸውን አድርገው ከመጀመሪያው ገጽ ጀመሩ። ሰውየው ሰዓቱን ያያል፣ እግሩን ያወዛውዛል፣ ያስላል። ምሳ ሰዓት አለፈ። የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ደም እንዳይፈስ የሚሰጠው መርፌ የተጻፈበት ገጽ ነው። ገጹን ወደ ሰውየው አዞሩለት።

«እዚህ ጋ ‹ሌላ ሕፃን በማህፀን አለመኖሩን ሳታረጋግጪ መርፌውን አትስጪ› የሚል ነበረ። የት ሄደ?»

ሰውየው አጎንብሶ አየ። «እ... ገጹ ሞልቶብን ነው፣ እማማ። አንድ መስመር ብቻ ነው የቀነስነው።»

«ይቺ መስመር ሰው ናት» አሉት፣ ሳይቆጡ። «መንታ ያረገዘች እናት ናት፣ ገና ያልተወለደው ሁለተኛው ልጇም ነው። መልሳት።»

ሰውየው እስክሪብቶውን ከእጃቸው ተቀብሎ መስመሯን በኅዳጉ ላይ ጻፈ። ስልኩን አውጥቶ ማተሚያ ቤት ደወለና «ማሽኑን አታስነሱ፣ ገና እያነበቡ ነው» አላቸው። እማማ አዋላጅም ቀጣዩን ገጽ ገለጡ።